የተጻፈ ሁሉ አይወረስም

ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት "አንድ ቀን እሠራበታለሁ" እያልኩ የጻፍኩትን ሁሉ አውጥቼ ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። እስከ ግማሽ የተጻፈባቸው ሁለት ደብተሮች፣ የፖስታ ጀርባዎች፣ የሐኪም ቀጠሮ ወረቀቶች ኅዳግ፣ ከስልኬ የገለበጥኳቸው ማስታወሻዎች፣ ለራሴ የላክኋቸው መልእክቶች፣ ቀድቼ ያላዳመጥኳቸው የድምፅ ቅጂዎች ዝርዝር። አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። 214 ሐሳቦች ነበሩ። ከእነዚህ መካከል 61ዱን ምን ለማለት እንደጻፍኳቸው ላውቅ አልቻልኩም። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከውስጡ ወጥቶ ሄዷል።

አንደኛው "ሰማያዊው በር፣ ግን ከውስጥ" ይላል። ሌላው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ "ዋናው ይቅር።" ለልጆች የማዘጋጀው ታሪክ ዋና ክፍል ይቅር ማለቴ ነው ወይስ ልጁ ወንዝ ውስጥ የሚዋኝበት ትዕይንት? ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይም፤ ሲናገሩት የሚለየው ነገር ወረቀት ላይ አንድ ሆኖ ይቀመጣል። ሦስተኛው "አያቲቱ አለች" የሚል ነው። ተናገረች ለማለት ይሁን ወይስ አልሞተችም ለማለት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለያዝኩት ታሪክ ግን ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ሲባል እየሰማሁ አድጌያለሁ፤ አምኜበትም ኖሬያለሁ። ያን ምሽት ግን የራሴ ጽሑፍ ለራሴ እንኳ ሳይወረስ ቀርቶ አየሁት። ከዚያ ምሽት ጀምሮ በነበሩት 16 ሳምንታት፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንዲት ሥራ የበዛባት እናት ላይ የሆነውን ነው እዚህ የምዘረዝረው። እናቲቱ እኔ ነኝ።

ቤቱና ሰዓቱ

ሁለት ልጆች አሉን። በጊዜው ትልቋ ስድስት ዓመቷ፣ ትንሹ 14 ወሩ ነበር። ባለቤቴ በፈረቃ ይሠራል፤ አንዱን ሳምንት ቀን፣ ሌላውን ሳምንት ሌሊት። እኔ ቤት ሆኜ ሰነድ እተረጉማለሁ፦ ውሎች፣ የሕክምና ማስረጃዎች፣ የትምህርት ማስረጃዎች። የቤቱ ገቢ ግማሽ ከዚህ የሚመጣ ስለሆነ፣ በቀን ውስጥ አእምሮዬ ንቁ የሚሆንበትን ሰዓት ሁሉ የሚወስደው እሱ ነው።

ልቤ ያለው ግን ለልጆች በማዘጋጀው ሥዕላዊ ታሪክ ላይ ነው። አያቱ ዘንድ እንዲከርም ስለተላከ ልጅ የሚያወራ ነው። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ይሆናል፤ ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ታጥፎ ሲቆረጥ ገጾቹ በስምንትና በ16 እየተባዙ ስለሚወጡ። የእኔው ታሪክ ትንሹ ልጄ ሲወለድ ሰባተኛው ገጽ ላይ ቆሞ ነበር። ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ ስዘረግፍም እዚያው ሰባተኛው ገጽ ላይ ነበር።

ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሥራው ሲቆም "ጊዜ አጣሁ" ይላል። እኔም ብያለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ሆኖም 214 ሐሳብ ጊዜ በሌለው ሰው ራስ ውስጥ ተወልዷል። የጎደለኝ የተወለደውን ሐሳብ እስከ ሥራው ጠረጴዛ ድረስ የሚያደርሰው መንገድ ነበር። ችግሩን በዚህ መልክ ማየት ስጀምር ልቤ ቀለል አለው፤ ጊዜ መፍጠር አልችልም፣ መንገድ መጥረግ ግን እችላለሁና።

ሐሳብ የሚመጣበት ቦታ

መጀመሪያ ያደረግሁት ማየት ብቻ ነበር። ለአንድ ሳምንት ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ ለታሪኩ የሚሆን ነገር በመጣልኝ ቁጥር ምን እየሠራሁ እንደነበር ምልክት አደረግሁ። በሰባት ቀን 23 ምልክት ተገኘ። ዘጠኙ ዕቃና ልብስ ሳጥብ፣ ስድስቱ ትንሹን እሹሩሩ እያልኩ ሳስተኛ፣ አራቱ ትልቋን ትምህርት ቤት ሳደርስና ስመልስ፣ ሦስቱ ልጆቹን ሳጥብ የመጡ ናቸው። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ የመጣው አንድ ብቻ ነው።

ይህን ሳይ ደነገጥሁ። ለሁለት ዓመት ሙሉ ሐሳብ እንዲመጣልኝ የተመኘሁት ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ደብተሬንም እስክሪብቶዬንም የማስቀምጠው እዚያ ነው። ሐሳቡ የሚመጣው ግን እጄ እርጥብ ወይም በልጅ የተያዘ ሲሆን ነው። ነገሩ ሲያስቡት እንግዳ አይደለም፤ እጅ በለመደው ሥራ ሲጠመድ አእምሮ ልጓሙ ይላላለታል። ልጓሙ በላላበት ቅጽበት የተገኘው ነገር ግን መጻፍ ከማይቻልበት ቦታ ላይ ነው የሚገኘው።

ከዚያ እስከ ጠረጴዛው ባለው ርቀት ምን እንደሚሆን ተመራማሪዎች በተለያየ መንገድ ፈትሸውታል። ኔልሰን ኮዋን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዝ የሚችለው አራት ገደማ ነገር እንደሆነ አስረድተዋል። አራት! ትንሹን እያስተኛሁ ሳለ ምድጃው ላይ የተጣደውን፣ ቀጣዩን የመድኃኒት ሰዓት፣ ነገ የሚፈረመውን የትምህርት ቤት ወረቀትና ጠዋት የሚላከውን ትርጉም ስይዝ አራቱ ሞላ። አምስተኛ ሆኖ የመጣው ሐሳብ መቀመጫ የለውም።

በር ማለፍም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ገብርኤል ራድቫንስኪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከክፍል ወደ ክፍል በበር ሲያልፉ፣ ያንኑ ያህል ርቀት በአንድ ክፍል ውስጥ ከሚሄዱት ይበልጥ ይዘውት የነበረውን ይረሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህ ሁልጊዜ እንደማይታይ፣ አእምሮ በሌላ ሥራ ሲጨናነቅ ግን ብቅ እንደሚል አሳየ። ወላጅ በቤቱ ውስጥ ሳይጨናነቅ በር የሚያልፈው መቼ ነው? ከመታጠቢያ ቤት እስከ ጠረጴዛዬ ሦስት በር አለ። ሐሳቦቼ የሚቀሩት እነዚያ መቃኖች ሥር ነበር።

ያልሠሩልኝ መንገዶች

ከዚህ በፊት ሁለት ነገር ሞክሬ ነበር። ሁለቱም አልሠሩም፤ ያልሠሩበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

አንደኛው በስልክ የሚሠራ የማስታወሻ መተግበሪያ ነው። 19 ማኅደር ከፈትሁበት፦ ገጸ ባሕርያት፣ ቀለም፣ ንግግር፣ መልክዓ ምድር፣ አርእስት እያልኩ። መተግበሪያው ምንም ጉድለት የለበትም። እኔ ነኝ አስቸጋሪውን ጥያቄ በአስቸጋሪው ሰዓት እንዲጠይቀኝ ያዘዝኩት። ልጅ በክንዴ ይዤ፣ በአንድ አውራ ጣት እየጻፍኩ፣ "ይህ የየትኛው ማኅደር ነው?" ለሚለው መልስ መስጠት ነበረብኝ። ጥያቄው ሲያደክመኝ ሁሉንም "ልዩ ልዩ" የሚል ማኅደር ውስጥ መክተት ጀመርሁ፤ በመጨረሻ ከሌሎቹ 18ቱ ውስጥ አብዛኞቹ ባዶ ነበሩ። በዚያ ላይ የስልኩ ብርሃን ሊተኛ የነበረውን ሕፃን ያነቃዋል፤ ስልኩ ሲከፈትም ያልተመለሱ መልእክቶች ቀድመው ይታያሉ። መልእክቶቹን መልሼ ስጨርስ ለመጻፍ የከፈትኩት ነገር ከራሴ ጠፍቷል።

ሁለተኛው ድምፅ መቅዳት ነው። ለእርጥብ እጅ ከዚህ የሚሻል የለም፤ ሐሳብ መቀበልን በሚመለከት እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ችግሩ ማዳመጡ ላይ ነው። በዓይን በአንድ ደቂቃ የሚገረፍ ወረቀት፣ በጆሮ ሲሆን እያንዳንዱን ሰከንድ ይጠይቃል። 47 ቅጂ አጠራቅሜ አንዱንም አላዳመጥሁም ነበር። በዚያ ምሽት ከፍቼ ስሰማቸው አብዛኞቹ ከተኛ ሕፃን አጠገብ የተንሾካሾኩ ስለነበሩ ቃላቸው አይለይም። በአንዱ ውስጥ ግን የትልቋ ልጄ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማኝ፦ "እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" ከዚያ የእኔ ዝምታ፤ ከዚያ ቅጂው ያበቃል። መልስ ሳልሰጣት ነው ያጠፋሁት። ያንን ቅጂ ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት። ሐሳብ ለማጥመድ ስሮጥ ምን እየረገጥሁ እንዳለፍኩ ያሳየኝ እሱ ነው፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

"ከዚያስ?"

መፍትሔው ከዚችው ልጄ መጣ። የወረቀቶቹ ክምር ገና ከወለሉ ሳይነሣ በማግሥቱ ጠዋት አየችውና አንዱን አንሥታ ፊደል እየቆጠረች አነበበችው። "ሰ-ማ-ያ-ዊ-ው በር፣ ግን ከ-ው-ስ-ጥ።" ቀና ብላ አየችኝና "ከዚያስ?" አለች።

"አላውቅም ልጄ።"

"አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?"

ተረት የሚሰማ ልጅ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔ ግን ለሁለት ዓመት ስጽፍ ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜም ራሴን አልጠየቅሁም። ያየሁትን ብልጭታ እጽፋለሁ፤ ብልጭታው ወዴት እያመራ እንደነበር አልጽፍም። በዚያች ሰከንድ ወዴት እንደሚያመራ ስለማውቀው መጻፍ ትርፍ ይመስለኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን የምታነበው ሴት ግን ያንን አታውቅም። እሷ የደከማት እንግዳ ናት። ማስታወሻ የሚጻፈው ለእሷ ነው።

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የመርሳት ምርምር ትርጉም የሌላቸው የፊደል ጥምረቶችን በቃሉ እየያዘ፣ ስንቱን በስንት ጊዜ እንደሚረሳ በራሱ ላይ ለካ። ትርጉም የሌላቸውን የመረጠው ሆን ብሎ ነው፤ ትርጉም ያለው ነገር ከሌላው ጋር ስለሚያያዝ በቀላሉ አይጠፋምና። የእሱ መለኪያ እንደሚያሳየው መርሳት በመጀመሪያው ሰዓት ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ እያዘገመ ይሄዳል። ይህን ሳነብ 61ዱን ወረቀቶች አሰብኋቸው። ትርጉም የነበራቸውን ሐሳቦች በገዛ እጄ ወደ ትርጉም የለሽ ፊደልነት ቀይሬ ነው ያስቀመጥኋቸው።

ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣሁ። እያንዳንዱ ማስታወሻ በሦስት አጭር መስመር ይጻፋል፦ ያየሁት ወይም የሰማሁት ነገር፣ ያኔ የነበርኩበት ቦታና ሁኔታ፣ በመጨረሻም "ከዚያስ?" ለሚለው የመጣልኝ የመጀመሪያ መልስ። መልሱ የተሳሳተ ቢሆንም ይጻፋል። የተሳሳተ መልስ አቅጣጫ አለው፤ ባዶ ቦታ ግን የለውም። በዚህ ሥርዓት ከተጻፉት አንዱ ይኸውና፦ "ልጁ የአያቱን ጫማ አድርጎ ይሄዳል። ትንሹን ሳጥብ፣ የአባቱን ጫማ ሲጎትት አይቼ። ከዚያስ፦ አያቲቱ በጫማው ድምፅ ባሏ የተመለሰ ይመስላታል።" ይህ ካርድ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን ገጽ ወለደ። "የአያቱን ጫማ" ብቻ ብዬ ብተወው ኖሮ ከ61ዱ ጋር ይደመር ነበር።

መጻፊያውን በተመለከተ ብዙ አላጠናሁም፦ የእጅ መዳፍ የሚያህሉ ካርዶችና እርሳስ፣ ሐሳብ በሚመጣባቸው አራት ቦታዎች። ከዕቃ ማጠቢያው በላይ፣ መታጠቢያ ቤት ልጆች የማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ፣ ከአልጋው ራስጌ፣ በካፖርቴ ኪስ። በአንድ ካርድ ላይ አንድ ሐሳብ ብቻ። እስክሪብቶን የተውሁት የኳሱ ቀለም በራሱ ክብደት ወደ ታች የሚወርድ ስለሆነ ነው፤ ተንጋለው ወደ ላይ ሲጽፉበት ይነጥፋል። እርሳስ ወደየትም ይጽፋል፣ ወረቀቱ ትንሽ ቢረጥብም አይዘረጋም። በጨለማ ስጽፍ የግራ አውራ ጣቴን የመስመሩ መነሻ ላይ አስቀምጣለሁ፤ መስመር በመስመር ላይ እንዳይደረብ የሚያግዘኝ እሱ ነው። ምሽት ላይ ከአራቱም ቦታ የተሰበሰበው ካርድ አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል። አይነበብም፣ አይመደብም፤ ይገባል ብቻ።

አርባ ደቂቃ

ሐሳብ መቀበል ከማንበብ ካልተለየ ሁለቱም ይበላሻሉ ብዬ አምናለሁ። ካርድ የሚጻፈው በ20 ሰከንድ፣ ልጅ በክንድ ተይዞ ነው። ካርድ የሚመደበው ደግሞ ተቀምጦ፣ ፊት ታጥቦ፣ በር ተዘግቶ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ጊዜ አርባ አርባ ደቂቃ ያስፈልገኝ ነበር። ከጠቅላላው ሥራ ከባዱ ይህን ማግኘት ሆነ።

ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። "ልርዳሽ" ይለኛል ሁልጊዜም። ነገር ግን "ልርዳሽ" የሚለው ቃል ሥራው የእኔ እንደሆነ ይናገራል። በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ደቂቃዬን ይዤ ስቀመጥ አራት ጊዜ በሩን አንኳኳ፦ የትንሹ ካልሲ የት ነው፣ መድኃኒቱ ስንት ጠብታ ነው፣ ትልቋ ቴሌቪዥን ትይ ወይስ አትይ፣ ገና ነሽ ወይ። እያንዳንዱ ጥያቄ ከሁለት ደቂቃ በላይ አልወሰደም። እኔ ግን ከአርባ ደቂቃው ውስጥ አንዲት ካርድ እንኳ አላነሣሁም። እሑድ ማታ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ተቆጥቼ ነበር፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። "አንተ ሌሊት ስትሠራ እኔ ቤቱን ስይዝ አንድም ጥያቄ ደውዬ አልጠይቅህም" አልሁት። ዝም ብሎ ቆየና "እውነትሽን ነው። አርባውን ደቂቃ እኔ ነኝ የምይዘው፤ አንቺ ቤት የለሽም ማለት ነው" አለ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ማታ ፈረቃውን አይተን ሁለቱን ሰዓቶች እንወስናለን፤ የእሱንም ሁለት ሰዓቶች አብረን እንጽፋለን። እሱም የራሱ የሚወደው ነገር አለው፤ እንጨት ይጠርባል። ሁለታችንም በሩን ዘግተን ስንገባ ቤት እንደሌለን ይቆጠራል። ካልሲው የት እንዳለ ያልጠየቀበት የመጀመሪያው ምሽት ትንሹ ካልሲው ለየብቻ ሆኖ ተኛ። ምንም አልሆነም።

በአርባው ደቂቃ የማደርገው ሣጥኑን ገልብጬ ካርዶቹን ሦስት ቦታ መክፈል ነው። በመጀመሪያው ክምር አሁን ለያዝኩት ታሪክ፣ ለዚህ ገጽ ወይም ለቀጣዮቹ የሚሆኑት ይገባሉ። በሁለተኛው መልካም ሆነው የዚህ ታሪክ ያልሆኑት፤ ቀን ተጽፎባቸው ይቆያሉ። ሦስተኛው የሚጣለው ነው። "ገጸ ባሕርይ"፣ "ቀለም" እያሉ በርእስ መክፈሉን ሙሉ በሙሉ ተውሁት፤ ቤተ መጻሕፍት ካልሆነ በቀር ማንም ሰው "ዛሬ ስለ ቀለም ልሥራ" ብሎ አይነሣም። የሚነሣው ያለቀ ገጽ ፈልጎ ነው። በእጅ ላለው ሥራ የሚያገለግለው ካርድ ከላይ ካልተገኘ ሥርዓቱ ያማረ መጋዘን ሆኖ ይቀራል።

ብዙ ሰው በዚህ ጉዳይ የጀርመናዊውን የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ የኒክላስ ሉማንን ሣጥኖች ይጠቅሳል። 90,000 ገደማ ካርድ በሕይወት ዘመኑ ጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሚስቱ የሞተችበት የሦስት ልጆች አባትም ነበር። የእሱ ካርዶች በርእስ አልተደረደሩም፤ በቁጥር እየተያያዙ አንዱ ወደ ሌላው ይመራል። ከእሱ የወሰድሁት ይህንኑ ብቻ ነው፦ አንድ ካርድ ሌላ ካርድ ሲያስታውሰኝ በጥጉ ላይ የዚያን ቀን እጽፋለሁ። የቀረው ለምሁር እንጂ ለእኔ አይሆንም፤ ሙሉውን ለመኮረጅ የሞከረ ወላጅ ሣጥን ሲያደራጅ ልጆቹ ያድጋሉ።

ከእያንዳንዱ የአርባ ደቂቃ ቁጭታ የምነሣው አንድ ካርድ መርጬ፣ ለነገ የሚሠራውን በላዩ ጽፌ ነው፦ "ገጽ 11፣ የጫማውን ጥላ ሳዪ።" ይህም መሠረት አለው። ብሉማ ዜይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት የተቋረጠ ሥራ ካለቀው ይበልጥ አእምሮ ውስጥ ይመላለሳል ብላለች። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ያልተፈጸመው ነገር መቼና እንዴት እንደሚፈጸም ተለይቶ ሲታቀድ ያ መመላለስ እንደሚረግብ አሳዩ፤ ሥራው ገና ሳይሠራ። በቤታችን ይህ በግልጽ ታየ። ያንን ካርድ ጽፌ በወጣሁባቸው ምሽቶች ከልጆቼ ጋር ስቀመጥ ዓይኔ ብቻ ሳይሆን ልቤም እዚያ ነበር።

ያልተሳካውና የተማርኩት

አምስተኛው ሳምንት ላይ ሁለቱም ልጆች ተከታትለው ታመሙ። ለ12 ቀን አንድም ቁጭታ አልነበረም። ካርዶቹ ግን መጻፋቸውን አላቆሙም፤ ሌሊት የነቃ ሰው ብዙ ያስባል። ልጆቹ ሲድኑ ሣጥኑ ሞልቶ ጠበቀኝና ማየት ፈራሁት። ውዝፉን ሁሉ ላጥራ ብዬ ብጀምር ኖሮ እዚያው ላይ እንደማቆም አውቃለሁ፤ ደብተሮቹም የቆሙት እንዲሁ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሰባት ቀናት ካርዶች ብቻ አነበብሁ። የቀሩትን በወረቀት ጠቅልዬ ወደሚቆየው ክምር ወሰድኋቸው። ከወር በኋላ ስከፍታቸው ግማሾቹ የትኩሳት ሌሊት ሐሳቦች ነበሩና ያለ ጸጸት ተጣሉ።

መጣል ከባድ ነው። መጀመሪያ ላይ የልጇን የሥዕል ወረቀት እንደምትጥል እናት ይሰማኝ ነበር። አሁን በሁለተኛው ክምር ውስጥ ሦስት ጊዜ አንሥቼው ሦስቱንም ጊዜ የመለስኩትን ካርድ አላቆየውም።

ወደዚያ የድምፅ ቅጂ ልመለስ። አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ ትልቋ ወደ መሬት እያየች "እማዬ፣ ጥላዬ ዛሬ ከእኔ ቀድሞ ይደርሳል" አለች። ቆምሁ፤ ካርድ አወጣሁ፤ ጻፍሁ። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ።

"ለምን ጻፍሽው?"

"በጣም ስለሚያምር። ለታሪኩ ይሆናል።"

"እኔ እኮ ለአንቺ ነው የነገርኩሽ።"

ቀሪውን መንገድ ዝም ብላ ሄደች። ለሁለት ቀን ያህል የሚያምር ነገር አልነገረችኝም፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ሐሳብን ስለ መያዝ የሚመክሩ ሰዎች ስለዚህ ነገር ሲናገሩ አልሰማሁም፤ በወላጅ ቤት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ ይህ ይመስለኛል። የብዙዎቹ ሐሳቦቼ ምንጭ ልጆቼ ናቸው። የሚናገሩት ለእናታቸው ነው፤ እናታቸው ግን አንዳንዴ በጆሮዋ ሳይሆን በእርሳሷ ትሰማለች።

ሁለት ነገር ወሰንሁ። ልጅ እያናገረኝ ካርድ አይወጣም፤ ንግግሩ አልቆ፣ መልስ ሰጥቼ፣ ከቀረልኝ እጽፈዋለሁ። በዚህ ምክንያት የጠፉብኝ አሉ፤ ይጥፉ። ሁለተኛው፣ የልጄን ቃል ስወስድ አስፈቅዳታለሁ። "አይሆንም" ካለች ካርዱ ለእሷ ይሰጣል። ለዚህ ብላ ከጫማ ካርቶን የራሷን ሣጥን ሠርታ፣ በላዩ ስሟን በትልቁ ጽፋበታለች። የጥላው ካርድ አሁን እዚያ ነው።

ከ16 ሳምንት በኋላ

በ16 ሳምንት 138 ካርድ ተጻፈ። 27ቱ ታሪኩ ውስጥ ገብተዋል፤ 44ቱ ይቆያሉ፤ 62ቱ ተጥለዋል። አንብቤ ያልገባኝ አምስት ነው። ከታቀዱት 32 ቁጭታዎች የተደረጉት 23 ናቸው። ታሪኩ በእርሳስ ንድፍ እስከ 32ኛው ገጽ ደርሷል፤ ቀለሙ ገና ነው።

ይህን ሁሉ ለካርዱ ብቻ መስጠት ግን አይገባም። በእነዚሁ ወራት ትንሹ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ጀምሯል፤ እንቅልፍ ያገኘች እናት ያለ ካርድም የተሻለ ታስባለች። የባለቤቴ አርባ ደቂቃ ባይኖር ሣጥኑ እንደ ደብተሮቹ ተዘግቶ ይቀር ነበር። ኤቢንግሃውስ ብቸኛው የምርምሩ ሰው ራሱ እንደነበር ሁሉ፣ እዚህም የተጠናችው አንዲት ሴት ናት። እጁ በሌላ ሥራ የሚያዝ፣ ሐሳቡ በመንገድ ላይ የሚመጣለት ወላጅ ቦታውን ለይቶ ሳያይ ካርድ ቢገዛ ምን ያህል እንደሚጠቅመው መናገር አልችልም። ያንን የአንድ ሳምንት ቆጠራ ግን ማንም እንዲዘለው አልመክርም፤ ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የበለጠ ያስተማረኝ እሱ ነበር።

61ዱ የሞቱ ወረቀቶች ውስጥ አንዱን ብቻ አልጣልሁትም። "ሰማያዊው በር፣ ግን ከውስጥ።" ሐሳቡ ተመልሶ አልመጣልኝም፤ ካርዱን ግን ሣጥኑ ሥር አስቀምጬው ነበር። ባለፈው ሳምንት አርባ ደቂቃዬን ልጀምር ሣጥኑን ስገለብጥ ከላይ ሆኖ አገኘሁት። ከእኔ ጽሑፍ በታች በትላልቅ ፊደላት "ከዚያስ" ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩም፦ "ከዚያ ልጅቷ ከውስጥ ሆና አንኳኳች። ውጪ ያለው ሰው ግቢ አላት።"

ወደ ክፍሏ ሄጄ ካርዱን አሳየኋት። "ይህን ለታሪኩ ልውሰደው?" አልኋት።

ትንሽ አሰበችና እጇን ዘረጋች። "አይ እማዬ፤ የእኔ ነው። ገና አልጨረስኩትም።"

ሰጠኋት። የጫማ ካርቶኗን ከፍታ ከጥላው ካርድ ጎን አስቀመጠችው።